አንድ ድምፅ የጎደለው ሰውዬ፦ የ1876ቱ የአሜሪካ ምርጫ እንዴት ተቆጠረ?

ዲሞክራቱ ሳሙኤል ቲልደን 184 ድምፅ ነበረው። ለማሸነፍ 185 ያስፈልጋል። ተቀናቃኙ፣ ሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ፣ 165 ላይ ቆሟል። መሃል ላይ የማን እንደሆኑ ያልለየላቸው 20 ድምፆች ቀርተዋል። ቲልደን ከሃያዎቹ አንዷን ካገኘ ፕሬዝዳንት ነው። ሄይስ ግን ሃያውንም አንድ ሳይቀር መጠቅለል አለበት።

ሄይስ ሃያውንም ጠቀለለ።

ይሄ የሆነው በ1876 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር "ብዙ ሰው የመረጠው እንዴት ይሸነፋል?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱም ቶሎ ይሰጣል፦ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም፣ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባል ነገር አለ። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ቆጠራው ነው። የአንድ ግዛት ውጤት ዋሽንግተን የሚደርሰው ወረቀት ሆኖ ነው። ያንን ወረቀት ማን ይፈርማል? ፖስታውን ማን ይከፍታል? ከአንድ ግዛት ሁለት ፖስታ ቢመጣስ? ይሄን ለመረዳት ከ1876 የተሻለ ጉዳይ አላውቅም፤ ሊበላሽ የሚችለው ነገር በሙሉ በአንድ ምርጫ ተበላሽቷልና።

ዘመኑን በእኛ በኩል ለማስታወስ ያህል፣ በዚያው ዓመት ማርች ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ድል አድርጓል። ከግብፅ ጦር አዛዦች አንዱ ደግሞ ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር። ፍሎሪዳ ያደገ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ከደቡቦቹ ወገን ተሰልፎ የተሸነፈ ሰው ነው። ያ ጦርነት ካበቃ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ፍሎሪዳን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

369 ከየት መጣ?

184፣ 165 እና 20 ሲደመሩ 369 ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። አንድ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ያሉት መቀመጫዎች ላይ ሁለቱ ሴናተሮቹ ይደመራሉ። ያን ያህል ወኪል መራጮች ይኖሩታል። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለውም የእነሱ ስብስብ ነው። በ1876 ግዛቶቹ 38 ነበሩ። የምክር ቤቱ 293 መቀመጫ እና የሴኔቱ 76 ሲደመሩ 369 ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ማለት 185 ነው። ዛሬ 435 እና 100፣ በላዩ ላይ ለዋሽንግተን ዲሲ 3 ተጨምሮ 538 ነው፤ ለማሸነፍም 270። የዲሲዋ ሦስት የመጣችው በ1961 በጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ በቲልደን ዘመን ዋና ከተማዋ ውስጥ የሚኖር ሰው ፕሬዝዳንት አይመርጥም ነበር። ዛሬ ዲሲ የሚኖር ዜግነት የወሰደ ሐበሻ ድምፁ ለእነዚያ ሦስት ነው የሚሄደው፤ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመዱ ለቨርጂኒያ 13፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቱ ደግሞ ለሜሪላንድ 10።

ታዲያ ድልድሉ ውስጥ ራሱ ሁለት ጉዶች ነበሩ።

አንደኛው ኮሎራዶ ነው። ግዛት ሆኖ የተቀበሉት ኦገስት 1 ቀን 1876 ነው፤ ምርጫው ደግሞ ኖቬምበር 7። በመሃል ሦስት ወር ብቻ። ስለዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ለፕሬዝዳንት የሕዝብ ምርጫ የሚባል አልተካሄደም። የግዛቱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሦስቱን ወኪል መራጮች ራሱ መረጠ። ሕገ ወጥ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ሕገ መንግሥቱ የሚለው እያንዳንዱ ግዛት ወኪሎቹን የግዛቱ ምክር ቤት በሚወስነው መንገድ ይሰይማል ነው። ሦስቱም ለሄይስ ሆኑ። አሁን አንድ ስሌት ሥሩልኝ። ኮሎራዶ ባትገባ ኖሮ ጠቅላላው 366 ይሆናል። ከግማሽ በላይ ማለት 184። ቲልደን በእጁ የነበረው ስንት ነው? ልክ 184። ክርክሩ ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው ጉድ ከዚህ ይከብዳል። ከጦርነቱ በፊት የደቡብ ግዛቶች መቀመጫ ሲመደብላቸው ባሪያ የሆነ ሰው የሚቆጠረው እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ነበር። ባርነት ሲቀር ሁሉም እንደ ሙሉ ሰው ተቆጠረ። ውጤቱን አስቡት። ደቡብ ጦርነቱን ተሸንፎ የወኪል መራጮቹ ቁጥር ጨመረ። ጥቁር ወንዶች በ1870 የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት አግኝተዋል፤ ነገር ግን ጥቁሩን ሰውዬ አስፈራርተህ፣ ደብድበህ፣ ከምርጫ ጣቢያ ብታስቀረው ግዛትህ በእሱ ቁጥር ያገኘችው ወኪል አይቀነስባትም። ሕጉ ላይ መቀጫ አለ፤ 14ኛው ማሻሻያ መራጭን የከለከለ ግዛት ውክልናው ይቀነስ ይላል። አንድም ቀን ተግባራዊ ሆኖ አያውቅም።

ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከሕዝቡ አብዛኛው ጥቁር ነበር። በጁላይ 1876 ሀምበርግ በምትባል ከተማ የታጠቁ ነጮች በጥቁር ሚሊሻዎች ላይ ዘምተው ሰው ገደሉ፤ ከእጃቸው የወደቁትንም እየለዩ ረሸኑ። ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ፈረሰኞች በሪፐብሊካን ስብሰባዎች ላይ እየመጡ ይቆሙ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁሩ መራጭ በአብዛኛው ሪፐብሊካን እንደነበር አስታውሱ፤ የሊንከን ፓርቲ ነው። ዲሞክራቶቹ "ተዘረፍን" ብለው ለዓመታት ጮኸዋል፤ በቆጠራው ላይ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ቆጠራው ከመምጣቱ በፊት መንገድ ላይ የዘረፉት እነሱ ናቸው። ይሄን ሳያነሱ የ1876ን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሄይስ ተሸንፌያለሁ ብሎ የተኛበት ማታ

ኖቬምበር 7 ማታ ኦሃዮ ውስጥ ሄይስ ውጤቱን ሰምቶ፣ አልቆልኛል ብሎ ገብቶ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት ብዙ ጋዜጦች ቲልደን አሸነፈ ብለው ወጡ። ምክንያትም ነበራቸው። ቲልደን ወደ 4.28 ሚሊዮን፣ ሄይስ ወደ 4.03 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተዋል። ልዩነቱ ሩብ ሚሊዮን ነው። ከግማሽ በላይ የሕዝብ ድምፅ አግኝቶ ፕሬዝዳንት ሳይሆን የቀረ ሰው በአሜሪካ ታሪክ ቲልደን ብቻ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ የሪፐብሊካን ፓርቲ ቢሮም በሌሊቱ ባዶ ሆኗል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከቲያትር ሲመለስ ጎራ ያለ አንድ ሰው ግን ነበር፤ ዳንኤል ሲክልስ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ እግሩን ያጣ ጄኔራል ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚስቱን ወዳጅ በአደባባይ ገድሎ "አእምሮዬን ስቼ ነው" ብሎ በነፃ የተለቀቀ ሰው ነው (ይሄ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። ጠረጴዛ ላይ የተከመረውን ቴሌግራም አገላበጠና ደመረ። ሳውዝ ካሮላይና፣ ሉዊዚያና፣ ፍሎሪዳ እና ኦሪገን ከተያዙ ሄይስ በአንድ ድምፅ ያሸንፋል። ለአራቱም ግዛቶች ያሉ የፓርቲው ሰዎች በሊቀመንበሩ በዛካሪያ ቻንድለር ስም ቴሌግራም ላከ። መልእክቱ ባጭሩ ግዛታችሁን አትልቀቁ የሚል ነው።

ሦስቱን የደቡብ ግዛቶች ልዩ የሚያደርጋቸው ገና በሪፐብሊካን አስተዳደር ሥር መሆናቸው ነው። ድምፅ የሚያጣሩት ቦርዶችም በሪፐብሊካን እጅ ናቸው፤ ቦርዶቹ ደግሞ "እዚህ ጣቢያ ማስፈራራት ወይም ማጭበርበር ነበር" ብለው የአንድን አካባቢ ድምፅ ሙሉ ለሙሉ የመጣል ሥልጣን ነበራቸው። ሉዊዚያና ውስጥ መጀመሪያ ቲልደን ከ6 ሺህ በላይ ድምፅ ይመራ ነበር። ቦርዱ 15 ሺህ ገደማ ድምፅ ጣለ፣ 13 ሺህ ያህሉ የዲሞክራት። ሄይስ አሸነፈ። ፍሎሪዳ ላይ ሄይስ በ922 ድምፅ፣ ሳውዝ ካሮላይና ላይ በ889 አለፈ ተባለ።

የምርጫ ወረቀቱም ለማታለል የተመቸ ነበር። በዚያን ጊዜ ወረቀቱን የሚያትመው መንግሥት አይደለም፤ ፓርቲዎቹ ናቸው። መራጩ የፓርቲውን ወረቀት ከፓርቲው ሰው ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ማንበብ ለማይችለው ሰው ምልክት ይታተምበታል። እናም ዲሞክራቶች በየቦታው የሊንከንን ምስል የራሳቸው ወረቀት ላይ አትመው አደሉ። ሰውዬው የሊንከንን ፊት አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ለሊንከን ጠላቶች መረጠ።

ኦሪገን፦ የፖስታ ቤቱ ሹም

ከአራቱ ግዛቶች እኔን የሚስበኝ ኦሪገን ነው፤ ጠቡ አንዲት ድምፅ ላይ ነው፣ ማንም አልተጭበረበረም፣ ግን አገሩን ሊያገላብጥ ምንም አልቀረውም።

ሄይስ ኦሪገንን በአንድ ሺህ ገደማ ድምፅ አሸንፏል። ይሄ ላይ ክርክር የለም። ሦስት ወኪል መራጮች ተመረጡ። ከሦስቱ አንዱ ጆን ዋትስ የሚባል የትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ሹም ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሹመት ያለው ሰው ወኪል መራጭ መሆን አይችልም ይላል። ለምትናቅ ደሞዝ የያዛት የፖስታ ቤት ሥራ ጉድ አመጣች።

የኦሪገን አገረ ገዥ ላፋየት ግሮቨር ዲሞክራት ነው። "ዋትስ መመረጥ ስለማይችል ቦታው በድምፅ የሚከተለው ሰው ነው" አለና ክሮኒን ለሚባል ዲሞክራት የምስክር ወረቀት ፈረመለት። ሁለት ሪፐብሊካን፣ አንድ ዲሞክራት። ዲሴምበር 6 በመላ አገሪቱ ወኪል መራጮች ድምፅ የሚሰጡበት ቀን ደረሰ። ዋትስ የፖስታ ቤቱን ሥራ ለቋል። ከወኪልነቱም ለቀቀ። ሁለቱ ባልደረቦቹ ወዲያው "ክፍት ቦታ አለ" ብለው መልሰው ራሱን ዋትስን ሾሙት። ሦስቱም ለሄይስ ድምፅ ሰጡ። ክሮኒን ደግሞ የአገረ ገዥውን ወረቀት በእጁ ይዞ ሁለቱ ከእኔ ጋር አንሠራም ስላሉ ቦታቸው ክፍት ነው አለና ሌሎች ሁለት ሰዎች ሾመ። እሱ ለቲልደን፣ የሾማቸው ሁለቱ ለሄይስ ድምፅ ሰጡ። ሁለቱም ወገን ወረቀቱን አሽጎ ወደ ዋሽንግተን ላከ።

ጨዋታው ብልህ ነበር። ዲሞክራቶቹ ኦሪገንን ሊወስዱ አልፈለጉም፤ ወጥመድ ነው የዘረጉት። ኮንግረስ "አገረ ገዥው የፈረመበትን እቀበላለሁ፣ ከኋላው አልመረምርም" ካለ፣ ከኦሪገን አንዲት ድምፅ ለቲልደን ትገባለች፤ 185 ሞላ። "አይ፣ ከፊርማው ጀርባ ያለውን እውነት አያለሁ" ካለ ደግሞ ሉዊዚያናና ፍሎሪዳ ላይም ጀርባውን ማየት አለበት፤ እዚያ ጀርባው ላይ ያለው ለሄይስ አያምርም። በየት በኩል ቢሄዱ ሄይስ ይጎዳል።

ከፍሎሪዳ ደግሞ ሦስት ወረቀት መጣ። አንዱን የሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ፣ ሁለተኛውን የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ሦስተኛውን በጃንዩዋሪ ሥልጣን የያዘው አዲሱ ዲሞክራት አገረ ገዥ ፈረሙት። ከሉዊዚያና ሁለት፤ አገረ ገዥ ነኝ የሚሉ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ላኩ። ከሁለቱ ሪፐብሊካኑ፣ ኬሎግ፣ ራሱም ከወኪል መራጮቹ አንዱ ነበር፤ ለራሱ ፈርሞ ለራሱ ሰጠ። ከሳውዝ ካሮላይናም ሁለት ወረቀት መጣ።

ሕገ መንግሥቱ ዝም ያለበት ቦታ

አሁን ፖስታዎቹ ዋሽንግተን ደርሰዋል። ማን ነው የሚመርጠው? ሕገ መንግሥቱ የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ሁለቱም ምክር ቤቶች ባሉበት የምስክር ወረቀቶቹን ይከፍታል፣ ድምፆቹም ይቆጠራሉ ይላል። ማን እንደሚቆጥር አልተናገረም። ሁለት ፖስታ ከመጣ የትኛው እንደሚቆጠር አልተናገረም።

የሴኔቱ ፕሬዝዳንት በደንቡ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ነው። ምክትል ፕሬዝዳንት ሄንሪ ዊልሰን ግን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቷል። ቦታውን የያዘው የሚሺጋኑ ሪፐብሊካን ሴናተር ቶማስ ፌሪ ነው። ሪፐብሊካኖች "የከፈተ ይቆጥራል" አሉ። ፌሪ ከቆጠረ ሄይስ ገባ። ዲሞክራቶች "ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙ የዚያ ግዛት ድምፅ አይቆጠርም" አሉ። ሃያው ወድቆ ማንም 185 ካልደረሰ ደግሞ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ለአንድ ግዛት አንድ ድምፅ። ምክር ቤቱን የያዙት ዲሞክራቶች ናቸው። ቲልደን ገባ። ስለ ሕግ የሚጨቃጨቁ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም መጨረሻውን አይቶ ነው የሚከራከረው።

ቀድሞ ደንብ ነበር። ከ1865 ጀምሮ አንደኛው ምክር ቤት ብቻውን የአንድን ግዛት ድምፅ መጣል ይችል ነበር፤ በ1872ቱ ምርጫ የሉዊዚያናና የአርካንሳስ ድምፅ በዚያ ደንብ ተጥሏል። ሴኔቱ ግን በ1876 መጀመሪያ ላይ ደንቡ እንዲቀር አደረገ። ልክ በሚያስፈልግበት ዓመት።

በየከተማው "ቲልደን ወይ ደም" የሚል መፈክር ይሰማ ጀመር። ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ይነሳል ብሎ የፈራ ብዙ ነበር።

አሥራ አምስቱ

ያገኙት መውጫ ኮሚሽን ነው። ፕሬዝዳንት ግራንት ሕጉን የፈረመው ጃንዩዋሪ 29 ቀን 1877 ነው። ከሴኔት አምስት፣ ከተወካዮች ምክር ቤት አምስት፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች። ከሴኔት ሦስት ሪፐብሊካን ሁለት ዲሞክራት፣ ከምክር ቤቱ ሦስት ዲሞክራት ሁለት ሪፐብሊካን፣ ከዳኞቹ ሁለት ሁለት። ሰባት ለሰባት። አምስተኛውን ዳኛ አራቱ ዳኞች ራሳቸው ይመርጣሉ። ኮሚሽኑ የወሰነውን ሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድነት ካልሻሩት በቀር ይጸናል።

አምስተኛው ዴቪድ ዴቪስ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። የኢሊኖይ ሰው ነው፣ የሊንከን የልብ ወዳጅ የነበረ፣ አሁን ግን ከሁለቱም ፓርቲ የራቀ። ለሕጉ ይበልጥ የቸኮሉት ዲሞክራቶች ናቸው፤ ዴቪስ ቢያንስ አንዷን ድምፅ ይሰጠናል ብለው ተማምነዋል። ሕጉ ሊያልቅ ሲል ከኢሊኖይ ወሬ መጣ። የግዛቱ ምክር ቤት ዴቪስን ሴናተር አድርጎ መረጠው። የመረጡት ደግሞ ዲሞክራቶቹ ናቸው፣ ከገለልተኞች ጋር ተባብረው! ዴቪስ "እንግዲህ እኔ ከኮሚሽኑ ውጪ ነኝ" አለ። የራሳቸውን ሰው በራሳቸው እጅ አነሱት። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁሉ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ከነሱ ይሻላል የተባለው ጆሴፍ ብራድሊ ተመረጠ። ስምንት ለሰባት።

ቆጠራው ፌብሩዋሪ 1 ተጀመረ። በፊደል ቅደም ተከተል ነው። አላባማ፣ አርካንሳስ፣ ካሊፎርኒያ እያለ ፍሎሪዳ ላይ ቆመ። ሦስቱ ወረቀቶች ወደ ኮሚሽኑ ተላኩ። ዋናው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ግዛቱ ካጸደቀው ውጤት ጀርባ ማስረጃ እንሰማለን ወይስ አንሰማም? ስምንት ለሰባት፣ አንሰማም። አገረ ገዥና የማጣሪያ ቦርድ በጊዜው ያጸደቁት የመጨረሻ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት የእያንዳንዱን ምርጫ ጣቢያ ሳጥን ሊከፍት አይችልም።

ብራድሊ ዋዜማውን ማታ ለቲልደን የሚያደላ ውሳኔ ጽፎ ነበር፣ ሌሊት ሰዎች መጥተው አስቀየሩት የሚል ሐሜት ተነሳ። አልሸሸም፤ ለራሴ ስንት ሐሳብ ብጽፍ ለማንም አይመለከትም፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው አለ። መልሱ አሽሙረኞችን አፍ ያዘጋ አይመስለኝም።

ሉዊዚያና፣ ስምንት ለሰባት። ከዚያ ኦሪገን መጣ፤ ወጥመዱ። ሪፐብሊካኖቹ እንዴት እንዳለፉት ይገርማል። እኛ አንመረምርም ያልነው በግዛቱ ሕግ ድምፅ እንዲያጣራ የተሾመው አካል ከወሰነው ጀርባ ነው አሉ። ኦሪገን ውስጥ ያ አካል የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ነው፣ እሱ ደግሞ ዋትስ አሸንፏል ብሎ ቆጥሯል። አገረ ገዥው ከዚያ ቆጠራ ወጥቶ ነው ለክሮኒን የፈረመው። ስለዚህ የአገረ ገዥው ፊርማ ይወድቃል። እውነት ለመናገር ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ውስጡ አንድ መሠረት አለው። ዲሞክራቶቹም ቢሆኑ የክሮኒንን ሙሉ ወረቀት አልደገፉም፤ 15 ለ0 ተጣለ። ሦስቱንም ለሄይስ የሰጠው ውሳኔ ግን ያው ስምንት ለሰባት ነው። ሳውዝ ካሮላይናም ፌብሩዋሪ 27 ተከተለች። ስምንቱ በፓርቲያቸው፣ ሰባቱም በፓርቲያቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቹ ሳይቀሩ።

የመጨረሻው ሌሊት

ዲሞክራቶቹ የቀራቸው ጊዜ መግደል ነው። የግራንት ዘመን ማርች 4 ያልቃል። እስከዚያ ቆጠራው ካላለቀ አገሪቱ ፕሬዝዳንት የላትም። በየግዛቱ ላይ ተቃውሞ ማንሳት፣ ስብሰባ ይበተን ማለት፣ እንደገና ይነበብ ማለት። ክርክር የሌለባት ቬርሞንት ላይ ሳይቀር ሁለተኛ ፖስታ አለ ብለው አመጡ። የሚገርመው ያቆማቸው የራሳቸው ሰው ነው፤ ዲሞክራቱ አፈ ጉባኤ ሳሙኤል ራንዳል ማጓተቻ ሐሳቦችን አልቀበልም አለ። ማርች 2 ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻዋ ዊስኮንሲን ተቆጠረች። 185 ለ184።

ማርች 4 እሑድ ሆነ። ስለዚህ ሄይስን ቅዳሜ ማታ ዋይት ሀውስ ውስጥ በግል ቃለ መሐላ አስፈጸሙትና ሰኞ በአደባባይ ደገሙት።

ከዚያ ጀርባ ድርድር ነበር። ፌብሩዋሪ 26 የሁለቱ ወገን ሰዎች ዋሽንግተን ውስጥ ዎርምሊ ሆቴል ተገናኝተዋል። የሆቴሉ ባለቤት ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል፤ እዚያ የተሸጠው የእሱ ወገኖች ጉዳይ ነውና። የታሪክ ሰዎች ድርድሩ ምን ያህል ውጤቱን እንደወሰነ ዛሬም አይስማሙም። የሆነው ግን ይታያል። ሄይስ በኤፕሪል በሳውዝ ካሮላይናና በሉዊዚያና የመንግሥት ሕንፃዎችን የሚጠብቁትን የፌዴራል ወታደሮች ወደ ሰፈራቸው መለሰ። ሁለቱም ግዛቶች ወዲያው በዲሞክራቶች እጅ ገቡ። በዓመታት ውስጥ የምርጫ ግብሩ፣ የንባብ ፈተናው፣ ሽብሩ ተደራረበና ጥቁር መራጭ ከደቡብ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ነገሩ በደንብ የተቀየረው በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጥቁሩ ለወኪል መራጭ ድልድል ይቆጠራል፣ ለመምረጥ ግን አይቆጠርም።

ቲልደንም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ አልወጣም። በ1878 ኒውዮርክ ትሪቢዩን ዲሞክራቶች በሚስጥር ኮድ የተላላኳቸውን ቴሌግራሞች ፈትቶ አሳተመ፤ በተከራከሩባቸው ግዛቶች ወኪል መራጭና የቦርድ አባል በገንዘብ ለመግዛት ሲደራደሩ ነበር። ዋናው ተደራዳሪ የቲልደን የገዛ እህት ልጅ ነው። ቲልደን አላውቅም አለ።

ከዚያ ወዲህ

ኮንግረስ ለዚህ ሕግ ለማውጣት አሥር ዓመት ፈጀ። በ1887 የወጣው የቆጠራ ሕግ ግዛቶች ክርክራቸውን ራሳቸው በጊዜ እንዲጨርሱ፣ ምክር ቤቶቹ ካልተስማሙ አገረ ገዥው የፈረመበት እንዲቆጠር አለ። ግን አንድ ሴናተርና አንድ የምክር ቤት አባል ብቻ ከተስማሙ ተቃውሞ ማንሳት ይችሉ ነበር፤ አጻጻፉም ጠመዝማዛ ነው።

ያ ቀዳዳ በጃንዩዋሪ 2021 ተከፈተ። ከሰባት ግዛቶች የትራምፕ ደጋፊዎች "እኛ ነን ወኪል መራጮቹ" ብለው የራሳቸውን ወረቀት ፈርመው ላኩ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በ1876 አብዛኞቹ ተፎካካሪ ወረቀቶች ላይ የግዛት ባለሥልጣን ወይም ቢያንስ ሥልጣን አለኝ የሚል ሰው ፊርማ ነበር፣ በ2020 ግን አንድም አገረ ገዥ አልፈረመባቸውም። ሴናተር ቴድ ክሩዝና ጓደኞቹ ደግሞ በግልጽ 1877ን ጠቅሰው እንደዚያ ዓይነት ኮሚሽን ይቋቋም አሉ። የጠቀሱት ኮሚሽን ዳኛውም ሴናተሩም በፓርቲው የቆመበት ኮሚሽን መሆኑን አልጨመሩም። ምክትል ፕሬዝዳንቱ ማይክ ፔንስ ወረቀት የመምረጥ ሥልጣን የለኝም ብሎ ቆጠረ፤ የኮንግረሱ ሕንፃ ተወርሮ፣ ተጸድቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሠርቶ ባይደን 306፣ ትራምፕ 232 ተብሎ ተነበበ።

በዲሴምበር 2022 ሕጉ ተሻሻለ። የምክትል ፕሬዝዳንቱ ሥራ ከፍቶ ማስነበብ ብቻ መሆኑ በግልጽ ተጻፈ። ተቃውሞ ለማንሳት ከእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛው መፈረም አለበት። ከአንድ ግዛት የሚመጣው ወረቀት አገረ ገዥው ወይም በግዛቱ ሕግ የተመደበ ሹም የሚፈርመው ነው፣ ወኪል መራጮች ከመሰብሰባቸው ስድስት ቀን በፊት። አገረ ገዥው ራሱ ቢያጭበረብርስ? እንደ ግሮቨር ላልተመረጠ ሰው ቢፈርምስ? ለዚህ ያስቀመጡት መልስ ሦስት የፌዴራል ዳኞች በአስቸኳይ ያያሉ፣ ከዚያ ይግባኙ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል የሚል ነው። ኮንግረስም ፍርድ ቤቱ ያለውን መቀበል አለበት።